ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመውን ሹፌር «ምን ሆንክ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ተቀጣሁ» ከማለቱ በፊት «ከሰሰኝ» ነው የሚላችሁ። ማን ከሰሰህ? ትራፊኩ። የት? እዚያው፣ አደባባዩ ጥግ። ዳኛው ማን ነበር? እዚህ ላይ ይስቅባችኋል። ከሳሹም ምስክሩም ፈራጁም አንድ ሰው ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ ኪሱ የሚከተውም እሱው። ቋንቋው ግን የድሮውን አልረሳም። «ክስ» የሚለው ቃል ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ የሚከስ፣ የሚከሰስና የሚሰማ። መንገዱ ላይ ሁለቱ አሉ። ሦስተኛው የት ሄደ?

ርዕሱ ትንሽ ይመስላል፤ አውቃለሁ። አገር በስንት ነገር በምትታመስበት ሰዓት መኪና ያለ ቦታው ስለማቆም ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው፦ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ችሎት ፊት ሳይቆም ይሞታል። ከሕግ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው መንገድ ላይ ነው፤ ያለ ቦታው በቆመ ባጃጅ፣ ባልበራ ፍሬቻ፣ ባልታሰረ ቀበቶ። መንግሥት የሚባለው ነገር ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው የሚማረውም እዚያው ነው።

እንግዲህ ቦታ ያልሆነ ቦታ ላይ መቆም ወንጀል ነው ወይ?

«ወንጀል» ከባድ ቃል ነው። አማርኛችን የሰውን ስህተት በየፈርጁ ይጠራዋል፤ ነውር አለ፣ ጥፋት አለ፣ በደል አለ፣ ኃጢአት አለ፣ ወንጀል አለ። የሰው በግ የነዳ ሌባ ነው፤ ሕግ ተጻፈም አልተጻፈም ሌባ ነው። ቢጫ መስመር ላይ ያቆመ ግን መስመሩ ከመቀባቱ በፊት ቢሆን ኖሮ ምንም አላደረገም። ትናንት ባዶ የነበረ አስፋልት ዛሬ ቀለም ስለተቀባ ጥፋተኛ ሆነ። የሕግ ሰዎች ይሄን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በራሱ ክፉ የሆነ ድርጊት አለ፣ ስለተከለከለ ብቻ ክፉ የሆነ ድርጊት አለ። ሁለተኛው ሁሌ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ በኩል ነበር የምትነዳው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። ዛሬ ግዴታ የነበረው ነገር በነጋታው ሰው የሚገድል ጥፋት ሆነ ማለት ነው። ስምምነት ብቻ ነው፤ ግን የስንት ሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ስምምነት።

ሕጋችን እዚህ ጉዳይ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጨረሻው ላይ «ደንብ መተላለፍ» የሚል ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዳኝበት የወንጀል ሕግም ይዞት ቀጥሏል። ሥልጣን ያለው አካል በአግባቡ ያወጣውን ደንብ የጣሰ ሰው ደንብ ተላልፏል ይባላል፤ ቅጣቱም ከ1 ብር እስከ 300 ብር መቀጮ ወይም ከ1 ቀን እስከ 3 ወር ማረፊያ ቤት ነው። (300 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። 3 ወር ግን ያኔም ዛሬም 3 ወር ነው።) ከዚያ በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ወጣ። የመንገዱን ጥቃቅን ጥፋት በእርከን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ መቀጮና የጥፋት ነጥብ መደበለት፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፤ ከዚያ ወዲህም የመቀጮው ልክ እየጨመረ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያለ ቦታው ያቆመ ሰው ችሎት አይንገላታ፣ ከፍሎ ይሂድ።

በዚህ ከአንዳንድ ሀብታም አገሮች ሳንቀድም አልቀረንም። አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ ፓርክ ግቢ ካልተፈቀደ ቦታ መኪና ማቆም በሕጉ መሠረት እስከ 6 ወር ሊያሳስር የሚችል የፌዴራል ጥፋት ነው። በተግባር ሰው ከፍሎ ይሄዳል እንጂ አይታሰርም፤ ግን ወረቀቱ ላይ የታሰረበት ሰንሰለት አልተፈታም። እዚያ «ይሄ ከወንጀልነት ይውጣ» ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ የሕዝብ በሆነ መሬት ላይ ሽርሽር የሄደ ሰው በጎማው ምክንያት ወንጀለኛ ሊባል አይገባም ነው ነገሩ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ ግን ከወንጀልነት «ወጣ» ከተባለ በኋላ የሆነውን ማየት ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ።

እስኪ ባሕር ዳር ላይ አንድ ልጅ እናስብ። ስም አንስጠው፤ እንደ እሱ ያለ በየተራው ሞልቷል። ባጃጁ የሱ አይደለም። ለባለንብረቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፤ ከገቢውና ከነዳጁ የተረፈችው የእሱ ናት። አንድ ጠዋት እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ እናት ጭኗል። ሆስፒታል በር ሲደርሱ «ልጄ፣ እዚችው አውርደኝ፤ ወዲያ ማዶ ከሆነ አልችልም» ይሉታል። መቆም የተከለከለበት ነው። «እሺ እማማ» ብሎ ያቆማል፤ ክንዳቸውን ይዞ ሲያወርድ ፊሽካ ይሰማል።

«መንጃ ፈቃድ!»

«አለቃ፣ እማማን ላወርድ ነው እኮ። አንድ ደቂቃ...»

«መንጃ ፈቃድ አልኩህ።»

ከዚያ ወረቀት ይጻፋል፤ መንጃ ፈቃዱ ይያዛል። በተለመደው አሠራር መቀጮውን ከፍሎ ደረሰኙን እስኪያሳይ ድረስ አይመለስለትም። አሁን ልጁ የሚከፍለውን እንቁጠር። መቀጮው አንድ። ሰልፉ፣ ቢሮው፣ «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለስ» የሚለው ሁለት። የዋለበት ቀን ሥራ ሦስት። ለባለንብረቱ ደግሞ ሠራም አልሠራም ገቢው ገቢ ነው፤ አራት። ደንቡ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹን ሦስቱን ማንም አልፈረደበትም፣ ማንም አላወጀም፣ ግን ከመቀጮው በላይ የሚያቆስሉት እነሱ ናቸው። ደግሞ አስተውሉ፤ እነዚህን ሁሉ የሚከፍለው ጥፋተኛ መሆኑን የሚያጣራ ሰው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ሹፌሩ በሌለበት የቆመ መኪና ከሆነ ደግሞ ታርጋው ይፈታል። ባለቤቱ ሲመለስ ብሎን የወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይጠብቁታል። ታርጋ የሌለው መኪና መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ መቆም በሌለበት ቦታ በመቆሙ የተቀጣው መኪና፣ ቅጣቱ እዚያው ቆሞ መቅረት ይሆናል! ይሄን ያሰበው ሰው ቀልደኛ ይሁን የተናደደ እንጃ።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ የዚያን ዘመን ላንድክሩዘር ናት። ጭብጦ ደግሞ ለመንገድ የሚቋጠር፣ በእጅ የምትጨበጥ ቂጣ። ሰውየው ዳኛ ፊት ተሟግቶ በቅሎውን ቢያጣ ይችለዋል፤ ማንም ሳይሰማው ጭብጦውን ቢቀሙት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያንገበግበዋል። ብዙ ጊዜ ይሄን አባባል ስለ ትልልቅ ፍርድ ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ ሰለ ትንንሹ ነው እንጂ የተባለው። የጉዳዩ ትንሽነት ያለመስማት ሰበብ እንደማይሆን ነው የሚነግረን። እንዲያውም ትንሽ ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም ተብሎ የሚወሰድ ነገር ነው ሰውን ሰው እንዳልሆነ እንዲሰማው የሚያደርገው።

ይሄ አባባል ከአየር አልመጣም። ድሮ በዚህ አገር ፍርድ የሚገኘው እዚያው መንገድ ላይ ነበር። ሁለት ሰው ከተጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሌላው ይቆማል። ባይቆም ነውሩ ከጠቡ ይከፋል። ከዚያ በዚያ የሚያልፍ ጨዋ ሰው ካለ «ዳኘን» ተብሎ ይያዛል፤ የሚሄድበት ጉዳይ ቢኖረውም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ነገሩ ከበድ ካለ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይታሰርና ተቆራኝተው ወደ ላይኛው ዳኛ ይሄዳሉ። ከውጭ የመጡ ተጓዦች ይሄን አይተው እየተገረሙ ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ ከሳሹም አብሮ ታስሯል። መክሰስ በነጻ አልነበረም። ቀኑን ከተከሳሹ ጋር እኩል ያጣል።

ያንን ዘመን ላስውብ አይደለም። ድሃ፣ ሴት፣ ባዕድ የሆነ ሰው መንገድ ዳር ዳኝነት ላይ ምን ያህል ይሰማ እንደነበር መገመት አያቅትም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ለትንሿም ነገር የሚሰማ ጆሮ። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ «ከሰሰኝ» የሚለው ቃል ቀርቶ ጆሮው ጠፋ። «በሕግ አምላክ» ብሎ ትራፊክ ፖሊስ ፊት የሚቆም ባጃጅ ነጂ ቢገኝ ራሱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ መሳቂያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው «ከወንጀልነት ማውጣት» የሚባለው ነገር ወጥመዱ የሚታየኝ። ወንጀል ማለት ከባድ ነው፤ ስለከበደም በዙሪያው ብዙ አጥር አለ። እስኪረጋገጥብህ ንጹሕ ነህ፣ ጠበቃ ይኑርህ፣ ምስክር ጥራ፣ ይግባኝ በል። ነገሩን ከወንጀል መዝገብ ስናወጣው ውርደቱን ብቻ ሳይሆን አጥሩንም አብረን እንነቅላለን። «ምን አለበት፣ አስተዳደራዊ መቀጮ ነው» ይባላል። በቃ፣ ቀላል ስለሆነ መስማት አያስፈልግም።

ጀርመኖች ይሄን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጥቃቅን የመንገድ ጥፋቶችን ከወንጀል አውጥተው የደንብ ጥሰት አደረጓቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ አብዱልባኪ ኦዝቱርክ የሚባል እዚያ የሚኖር ቱርካዊ ባድ ቪምፕፈን በምትባል ከተማ የቆመ መኪና ገጨ፤ 60 ማርክ ተቀጣ። ተቃወመ፤ ጀርመንኛ በደንብ ስለማይችል ፍርድ ቤት አስተርጓሚ አቆመለት። በኋላ መቃወሚያውን ሲተው የአስተርጓሚው ዋጋ መጣበት፦ 63 ማርክ ከ90። ከመቀጮው በላይ! የወንጀል ክስ ቢሆን ኖሮ አስተርጓሚ በነጻ ይገባው ነበር፤ የጀርመን መንግሥት ግን «ይሄ ወንጀል አይደለም፣ እኛ ከወንጀልነት አውጥተነዋል» ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1984 ለኦዝቱርክ ፈረደ። የፍርዱ መንፈስ ይሄ ነው፤ አንድ መንግሥት ለጥፋቱ ሌላ ስም ስላወጣለት ብቻ ለሰው ከሚገባው ፍትሐዊ የመሰማት መብት ሊያመልጥ አይችልም። እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ስትራስቡርግ ግን መንግሥት ያወጣውን ስም እንደ መልአክ ስም አልተቀበለችውም።

እንግሊዞች ሌላ ብልሃት አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት የመንገድ ትራፊክ ሕግ ያለ ቦታው ማቆምን ከፖሊስ እጅ አውጥተው ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጡት፤ ግን በዚያው ሕግ ከማዘጋጃ ቤቱ ነጻ የሆኑ ዳኞች አብረው አቆሙ። የተቀጣ ሰው ጠበቃ ሳይገዛ፣ ክፍያ ሳይከፍል አቤት ይላል። ለአንዲት የመኪና ማቆሚያ! ቅንጦት አይደለም። ከሳሹ ገንዘቡንም የሚሰበስበው እሱ ከሆነ ሌላ ሰው መሐል መግባት እንዳለበት ማንም የሰፈር ሽማግሌ ያውቃል።

እኛም አገር ፍንጩ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አንድ የመንግሥት ቢሮ በሰው ላይ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት እንዲሰማው፣ ከሰጠ በኋላ ምክንያቱን እንዲነግረው ያዛል፤ ፍርድ ቤት እንዲከልሰውም በር ይከፍታል። አዋጁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው፤ መንፈሱ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ያለችው ፊሽካ ጋ አልደረሰም።

«ጉቦውስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እንዴት ይረሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን የምንስቅ ሕዝብ ነን። እኔ ግን ጉቦን የሁለት ሰዎች የጠባይ ችግር አድርጎ መተው ሰነፍነት ይመስለኛል። ሒሳቡን ተመልከቱ። ልጁ የሚፈራው መቀጮውን ቢሆን ኖሮ ለመደራደር ያለው ቦታ ጠባብ በሆነ ነበር። የሚፈራው ግን የተያዘችውን መንጃ ፈቃድና የሚያጣውን ቀን ነው። በተጻፈው ቅጣትና በእውነተኛው ጉዳት መካከል ያለችው ክፍተት ናት «ለሻይ» የምትባለው ገንዘብ የምትኖርበት ቤት። መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ቢቀር ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ሌላው የሚከነክነኝ ነገር እኩልነት ነው። ደንቡ ሁሉንም እኩል ይቀጣል፤ ፍትሕ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ግን ያው መቀጮ ለባጃጅ ነጂው የሳምንት እንጀራ ሲሆን፣ ሹፌር ቀጥሮ ከኋላ ወንበር ስልክ ለሚያወራው ሰው የማቆሚያ ዋጋ ነው። ይከፍላል፣ እንደገና ያቆማል። ለእሱ ሕጉ ክልከላ መሆኑ ቀርቶ ታሪፍ ሆኗል። ፊንላንድ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከበድ ላለ ጥፋት መቀጮን በገቢ ትመዝናለች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሀብት 50 በተፈቀደበት መንገድ 82 ሲነዳ ተይዞ 121,000 ዩሮ ከፍሏል። ለጥቃቅኑ ግን እነሱም ቁርጥ ዋጋ ነው ያላቸው። ደግሞም የባጃጁን ልጅ ገቢ የሚያውቅ መዝገብ የት አለ? ስለዚህ ይሄን ገልብጠን እናምጣው አልልም። ቢያንስ ግን ለመጀመሪያ ጥፋት ማስጠንቀቂያ ብቻ መስጠት አያከስረንም።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንውረድ፤ ነገሩ እዚያ ይወሳሰባል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ቃሉን አክብረን ብንወስደው ባሕር ዳር ውስጥ በግል መሬት ላይ የቆመ አንድም መኪና የለም። ሁላችንም የቆምነው በጋራችን ላይ ነው። ታዲያ የጋራ ከሆነ ልጁ ባጃጁን ሐይቁ ዳር አቁሞ አሥር ደቂቃ ነፋስ ቢቀበል የማንን ወሰደ? መልሱ «የሌላውን ተራ» ነው፤ የጋራ ነገር የሚኖረው በተራ ነው። እሺ። ግን በዚያው ዓይን ዳርቻውን ተከትለን እንሂድ። ከተማዋ ሐይቁን ይዛ የተቆረቆረች ናት፤ ሆኖም ከውሃው ጫፍ ለመድረስ ብዙ ቦታ ላይ በሆቴል፣ በሎጅ ወይም በመሥሪያ ቤት ግቢ ማለፍ፣ አለዚያም ቡና አዝዞ መቀመጥ ግድ ነው። በሊዝ የያዘው አለ፣ ቀስ እያለ የገፋው አለ። የባጃጁ መቆም በደቂቃ ይቆጠራል፤ የአጥሩ መቆም በዓመታት። ትራፊኩ ግን መፍቻውን ይዞ ወደ አጥሩ አይሄድም። አጥር ታርጋ የለውም። ከደንገል የተሠራች ታንኳም የላትም፤ እሷ ግን ማንንም አትዘጋም፣ ቁራጭ ዳርቻ ላይ ተጎትታ ትደርቃለች፣ በነጋታው ትሄዳለች።

ይሄን ስል «ትልቁ ሌባ እያለ ትንሹን ምን አደረጋችሁት» የሚለውን የተለመደ ለቅሶ እያለቀስኩ አይደለም። ትንሹም ጥፋት ነው። ጣና ዳር ጎማው ግማሽ ድረስ ውሃ ገብቶ የሚታጠብ ባጃጅና መኪና አይታችሁ ይሆናል። ዘይቱና ሳሙናው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚያ በፊት በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ ደግሞ ከየአቅጣጫው በሚገባው ቆሻሻና ማዳበሪያ እየፋፋ ስንት ገበሬና ዓሣ አጥማጅ አስለቅሷል። አንድ ባጃጅ ሐይቁን አይገድልም። እያንዳንዱ አጣቢም ይሄን ያውቃል፤ «የኔ ምን አላት» ይላል፤ ልክም ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አስፈሪ ምሳሌ አለው፦ አንድ ሺህ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ የአንዱ ቁልፍ ሥቃይ ለተሠቃዩ አይታወቅም፣ የአንድ ሺሁ ግን ማሠቃየት ነው። ማናቸውም ብቻቸውን የጎዱት የለም። ግን ሰውየው ተሠቃይቷል። ሐይቁም እንደዚያ ነው።

ታዲያ ልጁን ወንጀለኛ ያደርገዋል? አያደርገውም ባይ ነኝ። ደንቡ ግን በእውነት የሚያስር ደንብ ይሆናል፤ ከቀለም የመጣ ክልከላ መሆኑ ቀርቶ ከውሃው የመጣ ነው። ጉዳቱ ከድምሩ ከመጣ ግን መድኃኒቱም ከድምሩ ጋር መነጋገር አለበት። ከውሃው የራቀ፣ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ማጠቢያ ሳይሠሩ አጣቢውን እያሳደዱ መቅጣት ለአንዱ የሺውን ዕዳ ማሸከም ነው። ሆስፒታሉ በር ላይም እንደዚያው፤ የታመመ ሰው የሚወርድበት የሁለት ደቂቃ ቦታ ያላዘጋጀ ማዘጋጃ ቤት ፊሽካ ብቻ ከላከ ጥፋቱ ግማሹ የራሱ ነው። የማይቻለውን ማዘዝ ትእዛዝ አይደለም፤ ወጥመድ ነው። ባሕር ዳር ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ሲነደፉ ብስክሌት እንጂ ባጃጅ አልታሰበም ነበር፤ ንድፉ ያልቆጠረውን ሰው ደንቡ ቆጥሮ ይቀጣዋል።

«ትንሽ» የሚባለው ነገር ራሱ እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሥር ባሕር ዳርን ጨምሮ በስድስት የክልሉ ከተሞች የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ከመሸ በኋላ መንገድ ዳር የቆመች ባጃጅ የትራፊክ ጉዳይ አልነበረችም። እንዲህ ያለ ጊዜ ያለፈበት ከተማ ውስጥ ቀን ላይ የሚነፋ ፊሽካም ድምፁ ከሌላ ከተማ ይለያል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የሞት ነው። በአገራችን መንገድ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል። «እናንተ ከወንጀልነት ይውጣ ትላላችሁ፤ እግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሕፃኗን ወደ አስፋልት ገፍቶ አስገጨ» ቢባልስ? ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን እኩል እግረኛ መንገድ ላይ ያቆማሉ፤ በአንደኛው በኩል ማንም አላለፈም፣ በሌላኛው በኩል ሕፃን አለፈች። ሥራቸው አንድ ነው፤ ዕድላቸው ለየቅል። ፈላስፎች የምግባር ዕድል ብለው ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል፤ ሕጋችን ደግሞ የራሱን መልስ ሰጥቷል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ይሄ ይኑር። ጥቃቅኑን ከወንጀል ማውጣት ይሄን አይነካውም። እንዲያውም «ወንጀል» የሚለው ቃል ለሕፃኗ የተጠበቀ ቢሆን ነው የምመርጠው፤ ለእማማ ባጃጅም ለሕፃኗ ገዳይም አንድ ቃል ካወጣን ቃሉ ይረክሳል።

«ካልፈራ አይታረምም» ለሚለው ደግሞ ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. መልሶታል፤ ሰውን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አለመቅረቱ ነው። እኛ ጋ ቅጣቱ ይከብዳል፣ ግን ይቀራል፤ ለአንዱ በሻይ፣ ለሌላው በስልክ ጥሪ፣ ለሦስተኛው በታርጋው ቀለም። የማይቀር ትንሽ መቀጮ ከሚቀር ትልቅ ይሻላል።

ብጠየቅ ከትንሿ ነገር ነው የምጀምረው፤ ከወረቀቷ። መንጃ ፈቃዱ ከባለቤቱ ጋር ይቆይ፤ ቁጥሩ እንደሆነ መዝገብ ላይ አለ፣ የትም አይሄድም። መክፈያ ቀን ይሰጠው፤ ካልከፈለ ዓመታዊ ምርመራው ወይም እድሳቱ ይያዝ። ታርጋ መፍቻው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ይመለስ። ወረቀቷ ላይ ደግሞ ከጥፋቱ ዓይነት፣ ከእርከኑና ከብሩ ሥር ሁለት መስመር ባዶ ይተው፤ «አሽከርካሪው የሚለው» የሚል። መጻፍ ለማይችል ትራፊኩ ይጻፍለት፣ አንብቦም ያሰማው። አብዛኛው ሰው ምንም አይጽፍም፤ ማጥፋቱን ያውቃልና ከፍሎ ይሄዳል። «የታመመ ላወርድ ነው» ወይም «ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኗል» የሚል ሲገኝ ግን ክፍያው ይቁም፤ መስመሯን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የሚያነብ ሰው ይኑር፣ የጻፈው ትራፊክ ያልሆነ፣ ከመቀጮው ቤሳ የማይደርሰው፣ ካስፈለገም ሄዶ ዛፉን የሚያይ።